ማዮሊካ፦ ነጋዴ ስም ያወጣለት ሸክላ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የሸክላ ዕቃን ስም ግን ብዙ ጊዜ የሚያወጣው ነጋዴ ነው። ለንደን፣ ፓሪስ ወይም ኒውዮርክ ካሉት ትልልቅ ሙዚየሞች አንዱን የጎበኘ ሰው ይህን በአንድ ከሰዓት ሊታዘብ ይችላል። በጣሊያን ክፍል፣ በነጭ መደብ ላይ ሰማያዊ፣ ቢጫና አረንጓዴ ሥዕል የተሳለበት ሳሕን «ማዮሊካ» ተብሎ ተቀምጧል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ክፍል ደግሞ በቅጠል ወይም በዓሣ ቅርጽ የተሠራ፣ ቀለሙ የደመቀ ወፍራም ማሰሮ «ማጆሊካ» ይባላል። ወደ ፈረንሳይ ክፍል ሲያልፍ ቁርጥ የጣሊያኑን የሚመስል ሳሕን «ፋየንስ» የሚል ስም ይዞ ያገኘዋል። ግብፅ ክፍል ሲገባ ደግሞ ዕድሜው ወደ 4000 ዓመት የሚጠጋ ሰማያዊ የጉማሬ ምስል እሱም «ፋየንስ» ተብሏል። አንድ ዓይነት ዕቃ ሁለት ስም አለው፤ የማይዛመዱ ዕቃዎች ደግሞ አንድ ስም ይጋራሉ።

ይህ ዳሰሳ ሦስት ጥያቄዎችን ይከተላል። ዕቃው በሥራው ምንድን ነው? ስሙ ከየት መጣ? ስሙና ዕቃው የተለያዩትስ መቼና ለምን ነው? የጽሑፉ አቋም አስቀድሞ ይነገር፦ ማዮሊካም ሆነ ዘመዶቹ የያዙት ስም ስለ ሸክላው የሚናገረው ጥቂት ነው። ብዙ የሚናገረው ገዢው ዕቃው ከየት እንደመጣ ምን ያምን እንደነበር ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነጩ ልባጥ

ነገሩን ከአፈሩ እንጀምር። በ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች የተተኮሰ ሸክላ ይጠነክራል እንጂ ወደ መስታወትነት አይለወጥም፤ ገላው በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። የእኛ እንስራ ውሃ የሚያቀዘቅዘው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ውሃው እየሰረገ እንስራውን ያልበዋል፣ ላቡም ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። የአገራችን ሸክላ ሠሪዎች ይህን ቀዳዳ የሚያጠቡት በመወልወል፣ በጢስና በማሟሸት ነው። በመካከለኛው ምሥራቅና በሜዲትራኒያን ዙሪያ የነበሩት ግን ሌላ መንገድ ያዙ። የደቀቀ አሸዋ ከእርሳስ ጋር አቅልጠው ሸክላውን መስታወት አለበሱት። ግሌዝ የሚባለው ይህ ነው፤ እዚህ ልባጥ እንለዋለን።

የእርሳስ ልባጥ ብቻውን ብርሃን አሳላፊ ስለሆነ ከሥሩ ያለው ቀይ ወይም ቡናማ አፈር ወለል ብሎ ይታያል። ቲን የተባለው ነጭ ብረት ተቃጥሎ ዱቄት ሲሆንና ከልባጡ ጋር ሲደባለቅ ግን ነገሩ ይለወጣል። የቲኑ ቅንጣቶች በመስታወቱ ውስጥ ሳይሟሙ ይቀራሉ፤ የሚያርፍባቸውን ብርሃን በየአቅጣጫው ስለሚበትኑት ልባጡ ነጭ ይሆናል፣ አፈሩም ይሸፈናል። ማዮሊካን፣ የፈረንሳዩን ፋየንስ፣ የሆላንዱን ዴልፍትና የእስፓኝንና የሜክሲኮን ታላቬራ አንድ ቤተሰብ የሚያደርጋቸው ይህ በቲን የነጣ ልባጥ ነው።

የአሠራሩን ቅደም ተከተል በዝርዝር ያቆየልን ቺፕሪያኖ ፒኮልፓሶ ነው። የጣሊያኗ ካስቴል ዱራንቴ ሰው ሲሆን በ1557 ገደማ ስለ ሸክላ ሠሪው ጥበብ ባለ ሦስት ክፍል መጽሐፍ በሥዕል አስደግፎ ጻፈ፤ የእጅ ጽሑፉ ዛሬ በለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። ሸክላው መጀመሪያ ባዶውን ይተኮሳል፤ ከዚያ በውሃ የተበጠበጠ ልባጥ ውስጥ ተነክሮ ይወጣል። ውሃው ሲደርቅ በገላው ላይ የሚቀረው ስስ ዱቄት ነው። ሠዓሊው የሚሥለው በዚህ ዱቄት ላይ ሲሆን ዱቄቱም ደረቅ መሬት የክረምቱን የመጀመሪያ ዝናብ እንደሚጠጣ ቀለሙን ወዲያው ይመጠዋል። የተሳሳተ መስመር አይፋቅም፣ ያመነታ እጅም ያስታውቃል። ሁለተኛው እሳት ልባጡንና ሥዕሉን አንድ ላይ ያቀልጣቸዋል።

ቀለማቱም ይህን እሳት የሚችሉ መሆን ነበረባቸው፤ ከኮባልት ሰማያዊ፣ ከመዳብ አረንጓዴ፣ ከማንጋኒዝ ወይን ጠጅና ቡናማ፣ ከአንቲሞኒ ቢጫ፣ ከብረት ብርቱካናማ ይገኛል። ደማቅ ቀይ ማውጣት ግን ለረጅም ዘመን አስቸጋሪ ነበር። የጣሊያን ሳሕኖች ሰማያዊና ቢጫ የሚበዛባቸው የባለሙያው ምርጫ ብቻ ሆኖ አይደለም፣ የእቶኑም ፈቃድ ነው።

ከዚህ በላይ አንድ ደረጃ አለ፤ የስሙ ታሪክም የሚጀምረው ከእሱ ነው። ተተኩሶ ባለቀው ዕቃ ላይ የብርና የመዳብ ውህድ ይቀባና ሦስተኛ ጊዜ ዝቅ ባለ እሳት፣ አየር በተነፈገውና ጢስ በሞላው እቶን ውስጥ ይገባል። ጢሱ ከውህዱ ኦክስጅኑን ይነጥቀዋል፤ በልባጡ ላይ ወርቅ ወይም ዕንቁ የመሰለ ስስ የብረት ብርቅርቅታ ይቀራል። አደጋው ብዙ ነበር። ፒኮልፓሶ ራሱ ከ100 ዕቃ አንዳንዴ ስድስቱ እንኳ በደኅና እንደማይወጡ ይናገራል።

ከባስራ እስከ ማኒሴስ

ነጩ ልባጥ የአውሮፓ ፈጠራ አይደለም። በ9ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአባሲድ ኸሊፋዎች ዘመን፣ የቻይና ነጭ ሸክላና ፖርሴሊን በባሕር ወደ ፋርስ ባሕረ ሰላጤ ይጫን ነበር። ንግዱ ምን ያህል ሰፊ እንደነበር በ1998 ኢንዶኔዥያ ውስጥ ከቤሊቱንግ ደሴት አጠገብ የተገኘች የሰመጠች መርከብ አሳይታለች። ከጭነቷ ውስጥ 60,000 የሚሆኑ የቻይና ሸክላዎች ወጥተዋል፤ በአንዱ ጎድጓዳ ሳሕን ላይ 826ን የሚያመለክት የቻይና ዘመን ተቀርጿል። የኢራቋ ባስራ ሸክላ ሠሪዎች የቻይናው ነጭ አፈርም ሆነ ያንን ያህል የሚግል እቶን አልነበራቸውም። ስለዚህ የራሳቸውን አፈር ነጭ ልባጥ አለበሱት፣ በላዩም በኮባልት ሰማያዊ ሣሉበት። የብርቅርቁ ሥራም በሸክላ ላይ የጀመረው በዚያው ኢራቅ፣ በዚያው ክፍለ ዘመን ነው። በቱኒዚያ የቃይረዋን ታላቁ መስጊድ ሚህራብ ዙሪያ የተለጠፉት የብርቅርቅ ንጣፎች እስከ ዛሬ ይታያሉ።

እዚህ ላይ አጥኚዎች አንድ ዓይነት አያስቡም። ለብዙ ዘመን የቆየው አስተያየት «ቲን ልባጥ ቻይናን ለመምሰል ባስራ ውስጥ ተፈጠረ» የሚል ነበር። በቅርብ ዓመታት የልባጥ ናሙናዎችን በቤተ ሙከራ የመረመሩ ጥናቶች ግን በቲን የነጣ ልባጥ በ8ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅና በሶርያ አካባቢ እንደነበረ አሳይተዋል። ሁለቱን ማስታረቅ አይከብድም፤ ዘዴው ቀድሞ ነበረ፣ የቻይናው ዕቃ ደግሞ ገበያ ሰጠው። ሆኖም አዲሱ ማስረጃ «ማዮሊካ የፖርሴሊን ድኻ ምትክ ነው» የሚለውን የተለመደ አባባል ያላላዋል።

ጥበቡ በፉስጣጥ፣ በአሮጌዋ ካይሮ፣ አልፎ ሙስሊሞች ይገዙት ወደነበረው የእስፓኝ ክፍል፣ ወደ አንዳሉስ፣ ተሻገረ። ተጓዡ ኢብን ባጡጣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ማላጋን ሲጎበኝ፣ በዚያ የሚሠራው በወርቅ ቀለም ያጌጠ ሸክላ ወደ ሩቅ አገሮች እንደሚላክ ጽፏል። ከዚያ በክርስቲያን ነገሥታት ሥር በነበረችው ቫሌንሲያ፣ በማኒሴስ ከተማ፣ ሙስሊም ባለሙያዎች ይህንኑ ሥራ አስፋፉት። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የጣሊያን ባለጸጎች፣ የፍሎሬንሶቹን ሜዲቺዎች ጨምሮ፣ የቤተሰባቸውን አርማ እያሳሉ ከማኒሴስ ያስመጡ ነበር። ዕቃውን ጭነው ወደ ጣሊያን የሚሄዱት መርከቦች በመንገዳቸው የሜዲትራኒያኗን ማዮርካ ደሴት ይነኩ ነበር።

ማዮርካ ወይስ ማላጋ?

የስሙ ክርክር ያለው እዚህ ነው። የመጀመሪያውና በሰፊው የሚታወቀው አስተያየት «ማዮሊካ» የማዮርካ ደሴት የድሮ የቶስካና ስም ነው ይላል። ማስረጃው ጠንካራ ነው፤ ባለቅኔው ዳንቴ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጻፈው «ኢንፌርኖ» ደሴቲቱን የጠራት በዚሁ ቅርጽ ነው። የፍሎሬንስ ገዢ ዕቃው ከደሴቲቱ በመጣ መርከብ ሲራገፍ ያያል፣ በደሴቲቱም ስም ይጠራዋል። የብርቅርቁ ዕቃ ዋና መሥሪያ ማዮርካ አለመሆኗ ለእሱ ምኑም አይደለም።

ሁለተኛው አስተያየት ወደ ማላጋ ያመለክታል። በቫሌንሲያ የተጻፉ ውሎች የማኒሴስን ብርቅርቅ ሸክላ የማላጋ ሥራ እያሉ ይጠሩት ነበር፤ በአካባቢው አነጋገርም የከተማዋ ስም «ማሌኳ» ወይም «ማሊካ» ይባል ነበር። ይህ ቃል በጣሊያናውያን አፍ ከሚያውቁት ደሴት ስም ጋር ተቀላቅሎ «ማዮሊካ» ሆነ ይላሉ የዚህ ወገን ተከራካሪዎች።

በድምፅ ቅርበትና በዳንቴ ምስክርነት ስንመዝን የማዮርካው ሐሳብ ያመዝናል፤ የማላጋው ግን ተጥሎ የሚቀር አይደለም። የሚያስገርመው ሁለቱም የሚያደርሱን አንድ ቦታ መሆኑ ነው። ዕቃው የተሠራው ማኒሴስ ሲሆን ስሙ ወይ የወደቡ ነው፣ ወይ ሙያው የመጣበት ከተማ። በየትኛውም በኩል ሠሪው መንደር ስሙን አጣ።

ሌላ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነጥብም አለ። ጣሊያኖች በቲን የነጣ ሸክላ መሥራት የጀመሩት በ13ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን ያኔ ማዮሊካ አይሉትም ነበር። በ15ኛውና በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቃሉ የሚያመለክተው ብርቅርቁን ብቻ ነበር፤ ፒኮልፓሶ ራሱ በመጽሐፉ «ማዮሊካ» የሚለው የሦስተኛውን እሳት ሥራ ነው። ደሩታና ጉቢዮ የተባሉት የጣሊያን ከተሞች ብርቅርቁን ራሳቸው መሥራት ከቻሉ በኋላ፣ በተለይም የጉቢዮው ማኤስትሮ ጆርጆ አንድሬዮሊ ከገነነ በኋላ፣ ስሙ ቀስ በቀስ ለነጩ ሸክላ ሁሉ ተሰጠ። ዛሬ ከመጽሐፍ መጽሐፍ የሚዞረው ግርታ አንዱ ምንጭ ይህ ነው። በ1500 በተጻፈ ሰነድ ላይ «ማዮሊካ» የሚል ያገኘ አንባቢ ማንኛውም የተሳለ ሳሕን ማለት ነው ብሎ መደምደም የለበትም።

የጣሊያኑ ሥራ ከፍታ የታየው በኡርቢኖና በካስቴል ዱራንቴ ነው። ኒኮላ ዳ ኡርቢኖ በ1524 ገደማ ለማንቱዋዋ እመቤት ለኢዛቤላ ዴስቴ የሣለው የገበታ ዕቃ ከግሪክና ከሮማ አፈ ታሪክ በተወሰዱ ትዕይንቶች የተሞላ ነው። ያሠራችላት ልጇ፣ የኡርቢኖ መስፍን ሚስት ኤሌኦኖራ፣ ለገጠሩ ቤት እንዲሆናት ብላ ነው የላከችው። ከዚህ የዕቃውን ማዕረግ እንረዳለን፤ በከተማው ቤተ መንግሥት ብር የያዘውን ቦታ አልነጠቀም፣ ሥዕሉ ግን ለመኳንንት ገበታ አብቅቶታል።

ፋየንዛ፣ ዴልፍት፣ ታላቬራ

ጣሊያን ያስመጣችውን ዕቃ በመጣበት ወደብ እንደጠራችው ሁሉ፣ ሌሎቹም ጣሊያንን እንዲሁ አደረጓት። ፋየንዛ በቦሎኛ አቅራቢያ ያለች የሸክላ ከተማ ናት። ነጭ ሥራዋ ተራራ ተሻግሮ ሲሸጥ ፈረንሳዮች ዕቃውን በከተማዋ ስም «ፋየንስ» አሉት፤ ቃሉም በኔቨር፣ በሩዋንና በሙስቲዬ ለሚሠራው ለራሳቸው ሸክላ ቀረ። ሉዊ 14ኛ ለጦርነት ወጪ የብር ዕቃዎች እንዲቀልጡ ማዘዙ ደግሞ የመኳንንቱን ገበታ ለፋየንስ ከፈተለት። ፋየንዛ ዛሬም የሙያው ዋና ከተማ ናት፤ በ1908 ጋኤታኖ ባላርዲኒ የመሠረተው ዓለም አቀፍ የሴራሚክ ሙዚየም ያለው እዚያ ነው።

ወደ ሰሜን የሄዱት ጣሊያናውያን ባለሙያዎች በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንትወርፕ ደረሱ፤ ሙያው ከዚያ ወደ ሆላንድ ወጣ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሆላንድ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ የቻይና ፖርሴሊን በብዛት ያስገባ ነበር። የሚንግ ሥርወ መንግሥት በ1644 ወድቆ አቅርቦቱ ሲታወክ የዴልፍት ከተማ ሸክላ ሠሪዎች ሰማያዊና ነጭ ዕቃቸውን ይዘው ክፍተቱን ሞሉት። በ1653 የተመሠረተውና እስከ ዛሬ የሚሠራው ቤት ስሙ የፖርሴሊን ጠርሙስ ማለት ነው፤ ያኔ የሚሠራው ግን ፖርሴሊን ሳይሆን ነጭ ልባጥ የለበሰ ሸክላ ነበር። እንግሊዞች ደግሞ እዚያው አገራቸው የሚሠራውን ተመሳሳይ ዕቃ ዴልፍት ብለው ጠሩት።

እስፓኞች ሙያውን አትላንቲክ አሻገሩት። የሜክሲኮዋ ፑዌብላ ሸክላ ሠሪዎች በ17ኛው ክፍለ ዘመን የማኅበር ደንብ ነበራቸው፤ ዕቃቸው የሚጠራው በእስፓኟ ታላቬራ ዴ ላ ሬይና ነው። እዚህ ላይ ታሪኩ ይገለበጣል። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በሜክሲኮ «ታላቬራ» በሕግ የተጠበቀ የትውልድ ቦታ ስም ሲሆን፣ ከተወሰነው አካባቢና አሠራር ውጭ የተሠራ ዕቃ በዚያ ስም ሊሸጥ አይገባም። በ2019 ዩኔስኮ የፑዌብላንና የትላስካላን ሥራ ከእስፓኞቹ ከተሞች ጋር አንድ ላይ በማይዳሰስ ቅርስነት መዘገበ። በውሰት የመጣ ስም የሠሪዎቹ መብት ሆነ ማለት ነው።

ፖርቱጋል በበኩሏ ጥበቡን ከገበታ ይልቅ በግድግዳ ላይ አገነነችው። «አዙሌዡ» የሚባሉት ንጣፎች ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ስለሆኑ ስማቸው ሰማያዊ ከሚለው ቃል የመጣ ይመስላል፤ መነሻው ግን የተወለወለ ትንሽ ድንጋይን የሚያመለክተው የዐረብኛው «ዙለይጅ» ነው።

የ1851 ሁለተኛ ልደት

የማዮሊካን ዘመን የዘጉት ሁለት ነገሮች ናቸው። በ1710 የጀርመኑ ማይሰን ፋብሪካ እውነተኛ ፖርሴሊን መሥራት ጀመረ፤ ይህ የባለጸጋውን ገበታ ወሰደ። በ1760ዎቹ ደግሞ ኢንግላንድ ውስጥ ጆሳያ ዌጅዉድ ክሬም መልክ ያለው፣ ቀጭንና ጠንካራ ሸክላ በብዛት አወጣ፤ ይህ የመካከለኛውን ገዢ ወሰደ። ነጭ ልባጡ ጠርዙ ላይ ቶሎ የሚላጥ ስለነበር መቋቋም አልቻለም።

ስሙ ግን በሌላ ገላ ተመለሰ። የእንግሊዙ የሚንተን ፋብሪካ ሊዮን አርኑ የተባለ ፈረንሳዊ የሴራሚክ ባለሙያ ቀጥሮ በ1851 በለንደኑ ታላቅ ዓውደ ርእይ ላይ አዲስ ሥራ አቀረበ። በፋብሪካው አጠራር ዕቃው ሁለት ዓይነት ነበር። አንዱ በነጭ ልባጥ ላይ እየተሳለ የጣሊያኑን የሚመስል ሲሆን ማጆሊካ የሚሉት እሱን ነበር። ሌላው የቅጠል፣ የወፍና የዓሣ ቅርጽ ወጣ ወጣ ብሎ የተቀረጸበት፣ ቀለም ያላቸው የእርሳስ ልባጦች በቀጥታ የተቀቡበት ነው። ይህን በ16ኛው ክፍለ ዘመን በነበረው ፈረንሳዊ በበርናር ፓሊሲ ስም ጠሩት፤ ፓሊሲ እባብ፣ እንሽላሊትና ዓሣ ከሳሕን ላይ የሚያስነሳ፣ እቶኑ እንዳይበርድ የቤቱን ዕቃ እንዳነደደ በራሱ መጽሐፍ የተናገረ ባለሙያ ነው። ገበያው ይህን ልዩነት አልተቀበለም። ብዙ የተሸጠው ሁለተኛው ነበር፤ ሠዓሊ ስለማይፈልግ በርካሽ ይወጣል፣ ለዓይንም ይደምቃል። በጥቂት አሠርት ዓመታት ውስጥ የፓሊሲ ስም ቀርቶ ሁሉም ማጆሊካ ተባለ።

ከዚያ በኋላ ስሙ ማንም አልያዘውም። በፖርቱጋል ካልዳሽ ዳ ራይኛ፣ ራፋኤል ቦርዳሉ ፒኜይሩ በ1884 ባቋቋመው ፋብሪካ የጎመን ቅጠል ሳሕኖቹን አስፋፋ። አሜሪካ ፔንስልቬኒያ ውስጥ የተሠራው ዝነኛ ዕቃ «የኤትሩስካን ማጆሊካ» ተባለ፤ ከጥንቶቹ የጣሊያን ኤትሩስካኖችም፣ ከማዮርካም፣ ከነጩ ልባጥም ጋር ዝምድና የለውም። ቪየና ውስጥ አርክቴክቱ ኦቶ ቫግነር በ1890ዎቹ መጨረሻ ፊቱን በአበባማ ንጣፍ የሸፈነው ሕንፃ «የማጆሊካ ቤት» ይባላል። የሚንተን ቁመተ ሙሉ ጣዎስ ደግሞ በ1878 ሎክ አርድ በምትባል መርከብ ወደ ሜልቦርን ሲጓዝ መርከቧ ተሰብራ ብዙ ሰው አለቀ፤ ጣዎሱ ግን ከነሣጥኑ ተርፎ ዛሬ በአውስትራሊያ ዋርናምቡል ሙዚየም ቆሟል።

የልባጡ ድምቀት ዋጋ ነበረው። ልባጡን የሚያዘጋጁትና የሚነክሩት ሠራተኞች፣ ብዙዎቹም ሴቶች፣ በእርሳስ ይመረዙ ስለነበር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የእንግሊዝ መንግሥት ጉዳዩን በባለሙያ አስጠንቷል። ለዛሬ ገዢም ምክሩ ያው ነው፤ የቆየ ወይም ምንጩ ያልታወቀ ባለ ልባጥ ሳሕን ለጌጥ እንጂ ሎሚ፣ ኮምጣጤ ወይም ቲማቲም ላለበት ምግብ አይሆንም፤ አሲድ እርሳሱን ያወጣዋልና።

በአሠራር ወይስ በስም?

ከጥንታዊቷ ግብፅ የተገኘው «ፋየንስ» የግርታው ጫፍ ነው። ያ ዕቃ በዋናነት ከተፈጨ ኳርትዝ የሚሠራ ስለሆነ ሸክላ እንኳ አይደለም፤ ቲንም የለበትም። የዘመናችን አውሮፓውያን አጥኚዎች ሰማያዊ ብልጭታው የሚያውቁትን ዕቃ ስላስታወሳቸው ብቻ ከፋየንዛ ከተማ በሺዎች ዓመታት ለሚቀድም ሥራ የከተማዋን ስም ሰጡት።

ከዚህ ለመውጣት ሁለት መንገዶች ቀርበዋል። አንዱ እንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪና ጸሐፊ አለን ኬይገር ስሚዝ በ1973 ባወጣው መጽሐፍ የተከተለው ነው። ስሞቹን ወደ ጎን ትቶ ከባግዳድ እስከ ዴልፍት ያለውን ሁሉ «በቲን የነጣ ሸክላ» በሚል አንድ ርእስ ሥር አጠናው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ የእስላሙን ዓለምና አውሮፓን የለያየው ግድግዳ ይፈርሳል፣ ማን ከማን እንደተማረም ይታያል። ጉድለቱ ደግሞ አሠራር ብቻውን ለምን አንዱ ለገበታ፣ ሌላው ለመድኃኒት ቤት ማሰሮ፣ ሦስተኛው ለግድግዳ እንደዋለ አለመናገሩ ነው። ሁለተኛው መንገድ ሙዚየሞች የያዙት ነው፤ የጣሊያኑን በ«i» ፊደል «ማዮሊካ»፣ የ19ኛውን ክፍለ ዘመን ዕቃ በ«j» ፊደል «ማጆሊካ» እያሉ መጻፍ። ይህ ለዓይን ይሠራል፤ ሆኖም ብዙ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ሁለቱንም በአንድ ድምፅ ስለሚያነቧቸው ልዩነቱ ከወረቀት ላይ አይወርድም።

አማርኛ እዚህ ላይ ከእንግሊዝኛ የተሻለ ዕድል አለው። ፊደላችን ዮ እና ጆን ስለሚለይ አንባቢ የሚያየውን ልዩነት አድማጭም ይሰማዋል። ስለዚህ ለጣሊያኑ በቲን የነጣና የተሳለ ሸክላ ማዮሊካ፣ ከ1851 ጀምሮ ለመጣው ባለ ቀለም ልባጥ ዕቃ ማጆሊካ ብንል ይበቃል። ፋየንስን ለፈረንሳዩና ለተከታዮቹ ትተን፣ የጥንት ግብፁን «የኳርትዝ ሥራ» ብንለው አንባቢን ከማሳሳት እንድናለን። የአሠራሩ ነገር ሲነሳ ደግሞ «በቲን የነጣ ሸክላ» ሁሉንም ይጠቀልላል። ሁሉንም በደፈናው «ሴራሚክ» ማለት ግን ከመታጠቢያ ቤት ንጣፍ ጋር ስለሚቀላቅላቸው አይመከርም።

ለነገሩ ዕቃን መጣበት በተባለው ቦታ ስም የመጥራት ልማድ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ቡና የምንጠጣበት ሲኒ ስሙን ያገኘው በዐረብኛ «የቻይና» ከሚለው ቃል ነው፤ ዛሬ የትም ቢሠራ ሲኒ እንለዋለን፣ ማንም አይሳሳትም። ለዕለት አጠራር ይህ ምንም አይጎዳም። ታሪክ ለሚጽፍ፣ ቅርስ ለሚመዘግብ ወይም ዕቃ ለሚገዛ ሰው ግን ስሙ የመጀመሪያው ጥያቄ እንጂ መልሱ አይደለም። ዕቃውን ገልብጦ ልባጥ ያልነካውን እግሩን ማየት፣ አፈሩን መለየት፣ ነጩ ከቲን ይሁን ከአፈሩ መጠየቅና ቀለሙ በልባጡ ላይ የተሳለ ይሁን ልባጡ ራሱ መመርመር ይገባል። ስሙ የሚነግረን በየትኛው ወደብ እንዳለፈና ማን እንደተመኘው ነው፤ ያም ቢሆን በራሱ ቦታ ከተቀመጠ ጥሩ ማስረጃ ነው።